ባለ 4 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ኮድ ኤዲተር ሲንቀረፈፍ፦ ችግርና መፍትሔ

ኤዲተር ለመቀየር አይቸኩሉ፤ ማሽኑን የሚበላው ብዙ ጊዜ ኤዲተሩ ሳይሆን በላዩ የተጫነው ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ አገልግሎት የሚሰጥ ቅጥያ) ነው።

ምልክት፦ ቪኤስ ኮድ የተባለው ኤዲተር ሲከፈት ኮምፒዩተሩ ስታክ ያደርጋል፣ የሃርድ ዲስኩ መብራት አያርፍም።

ምክንያቱ፣ ራሙ ሞልቶ ዊንዶውስ ዲስኩን በራም ምትክ እየተጠቀመ ነው። ቪኤስ ኮድ በኤሌክትሮን (በዌብ ቴክኖሎጂ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ) የተሠራ ስለሆነ በሆዱ የክሮም መሠረት የሆነውን ክሮሚየም ብሮውዘር ይዟል፤ ጎን ለጎን ክሮም ከከፈቱ ማሽኑ ሁለት ብሮውዘር ተሸከመ ማለት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀር ውስጥ ያረጋግጡ፦ ሚሞሪው ከ90 በመቶ አልፎ ዲስኩም 100 ላይ ከተሰካ ነገሩ ይኸው ነው።

ክሮምን ዘግተው፣ ከኤዲተሩ "ሄልፕ" ሜኑ "ኦፕን ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር"ን ይክፈቱ። ብዙ ራም የያዘው "ኤክስቴንሽን ሆስት" (ኤክስቴንሽኖቹን የሚያስኬደው) ወይም ከሥሩ ያለ ነገር ከሆነ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒን ተጭነው "ስታርት ኤክስቴንሽን ባይሴክት"ን ይምረጡ። ኤክስቴንሽኖቹን ግማሽ ግማሹን እያጠፋ ችግሩ እንዳለ ይጠይቅዎታል፤ በጥቂት ዙር ጥፋተኛው ይለያል። የጃቫውን በተለይ ይጠርጥሩ፤ ከኤዲተሩ ውጪ የራሱን የጃቫ ፕሮሰስ ያስነሳል።

ምልክት፦ ምንም ሳይጽፉ ፋኑ ይጮኻል።

ዴስክቶፕን ወይም ዶክመንትስን በሙሉ እንደ አንድ ፎልደር ከፍተው ይሆናል፤ ኤዲተሩ በውስጡ ያለውን ፋይል ሁሉ ይከታተላል። የፕሮጀክቱን ፎልደር ብቻ ይክፈቱ። በውስጡ ትልቅ የዳታ ፎልደር ካለ ሴቲንግስ ላይ "ዎቸር ኤክስክሉድ" ውስጥ ያስገቡት።

ምልክት፦ መስኮቱ ይጠቁራል ወይም ይርገበገባል።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቆየ ግራፊክስ ካርድ ነው። በኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ "ኮንፊገር ረንታይም አርጊዩመንትስ"ን ይክፈቱ፤ ሃርድዌር አክሰለሬሽንን (ምስሉን በግራፊክስ ካርዱ ማሠራትን) የሚያጠፋው መስመር ቀድሞ ተጽፏል። ከፊቱ ያሉትን ሁለት ስላሾች አጥፍተው ሴቭ ያድርጉ፣ ኤዲተሩንም ዘግተው ይክፈቱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ፣ ወይም ራሙ 2 ጊጋባይት ከሆነ፣ ጂኒ የተባለውን ቀላል ኤዲተር ይጫኑ። በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፣ ብሮውዘር አልተሸከመም፣ ሲ እና ፓይተን ለሚማር ሰው ከበቂ በላይ ነው፦ ኤፍ9 ይገነባል፣ ኤፍ5 ያስኬዳል። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስም ቀላል ነው፤ ግን ለዊንዶውስ ብቻ ነው፣ እንደ ጂኒ የተዘጋጀ የማስኬጃ ቁልፍም የለውም።

ምልክት፦ ጂኒ ላይ ኤፍ5 ሲጫኑ "ፓይተን አልተገኘም" ይላል።

ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ፓይተን ሲጫን "አድ ፓይተን ቱ ፓዝ" የሚለው ሣጥን ሳይመረጥ ቀርቷል፤ ኢንስቶለሩን እንደገና ከፍተው "ሞዲፋይ"ን ይጫኑ፣ በሚቀጥለው ገጽ "አድ ፓይተን ቱ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ"ን ይምረጡ። ሊኑክስ ላይ "ቢልድ" ሜኑ ውስጥ "ሴት ቢልድ ኮማንድስ" ገብተው፣ "ኤክስኪዩት" መስመር ላይ ፓይተን የሚለውን ቃል ፓይተን3 ያድርጉት፤ 3ቱ ከቃሉ ጋር ሳይለያይ ይጻፋል።