ደሙ ማቀዝቀዣ ውስጥ እያለ ለምን ይዘገይ ነበር?

ከጣርማበር ቁልቁለት በመኪና አደጋ ተጎድተው የሚመጡልን ሰዎች፣ ደማቸው እየፈሰሰ ደም ይጠብቁ ነበር። ተላላኪ ጨመርን፤ ለውጥ የለም። በስልክ እንዲታዘዝ አደረግን፤ ያው ነው። በመጨረሻ ሰዓት ይዤ አንድ የደም ጥያቄን እግር በእግር ተከተልሁ። ጊዜውን የሚበላው መንገዱ ሳይሆን ሙሉው የክሮስማች ምርመራ (የሚሰጠው ደም ከታካሚው ደም ጋር መስማማቱን ማረጋገጫ) ነበር፤ እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል።

ከላቦራቶሪው ጋር ተስማምተን፣ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚይዝ የደም ማቀዝቀዣ፣ በድንገተኛ ጊዜ ምርመራው ሳያልቅ የሚሰጠውን ኦ ደም ድንገተኛ ክፍሉ አጠገብ አስቀመጥን፤ ኦ ኔጌቲቭ ለልጃገረዶችና በመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶች፣ ኦ ፖዘቲቭ ለወንዶች። አደራ፣ የክሮስማች ናሙናው ከመጀመሪያው ከረጢት በፊት ይቀዳ! ምርመራው በጎን ይቀጥላል፤ ውጤቱ ሲደርስ ታካሚው ወደ ራሱ የደም ዓይነት ይዛወራል። ከዚያ ወዲህ በመጣው የመጀመሪያ ቁስለኛ፣ ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ሳይደርቅ ከረጢቱ ተሰቅሎ ነበር።