የማግኔቱ ዳዶ አልፈታ ላላችሁ፣ ገመድ ይበቃል

ከመስሪያ ቤት ጨረታ የወጣች አሮጌ ቱ ስትሮክ ሞተር፣ ያው ያማሃ ዲቲ ምናምን፣ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ የምትፈታቱ ልጆች፣ ከማግኔቱ ኋላ ያለውን ኦይል ሲል (የክራንኩን ማሸጊያ ጎማ) ለመቀየር የማግኔቱን ዳዶ ስትፈቱ ክራንኩ፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ አብሮ እየዞረ አስቸገረ አይደል? በካንዴላው ቀዳዳ ካቻቢቴ ከታችሁ ፒስተኑን እንዳታስይዙ፣ አናቱን ይበሳዋል። ለዚህ ብላችሁም ማርቆስ ወይ ባህር ዳር ድረስ ጭናችሁ አትሂዱ።

ካንዴላውን ፍቱ፣ ማርሚታውንም (የጭስ ቱቦውን) አውርዱ። ክራንኩን ዳዶው በሚፈታበት አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ በጭስ መውጫው እያያችሁ ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣና ቀዳዳውን ሙሉ ለሙሉ ሲደፍነው አቁሙ፣ እሱ ከተደፈነ ከጎን ያሉት የነዳጅ ማስገቢያ ቀዳዳዎችም ተደፍነዋል። ከዛ ንጹህ የናይለን ገመድ በካንዴላው ቀዳዳ እስኪሞላ ጠቅጥቁ፣ ጫፉ ግን ውጪ ይቅር። አሁን ዳዶውን በቁልፍ ግፉት፣ ፒስተኑ ገመዱን ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ይጫነውና ክራንኩ ቀጥ ይላል። ገመዱ ለስላሳ ስለሆነ ጉልበቱ አንድ ነጥብ ላይ አያርፍም።

የጭስ መውጫው ቀዳዳ ሳይደፈን ካስገባችሁ ግን ገመዱ እዛ ሾልኮ ይገባና ፒስተኑ ሲወጣ ይቆርጠዋል፣ ፋሻም (የፒስተኑን ቀለበት) ሊሰብር ይችላል። የቃጫ ገመድ ደግሞ ጭራሽ እንዳትሞክሩ፣ እኛ ጎጃም ቤቱ ሁሉ ቃጫ ስለሆነ እጅ ወደሱ ይሄዳል፣ ግን እየተበጣጠሰ ውስጥ ይቀራል። ዳዶው ከወጣ በኋላ ማግኔቱ በራሱ መንቀያ መሣሪያ ነው የሚነቀለው፣ በመዶሻ አትምቱት፣ ክራንኩ ከተጣመመ ሌላ ወጪ ነው። መልሳችሁ ስታጠብቁ አቅጣጫው ስለሚገለበጥ ገመዱን አውጥታችሁ ክራንኩን ዳዶው ወደሚጠብቅበት አዙራችሁ እንደገና ጠቅጥቁ።