ደንበኛ «ሶርስ ኮዱ የታለ?» ሲላችሁ፦ የጂፒኤል ችግርና መፍትሄ

ራውተር የሸጣችሁለት ሰው ሶርስ ኮድ ጠየቀ

«ኮዳችን ምስጢር ነው» ብላችሁ እንዳትመልሱ። ፈርምዌሩ (ዕቃው ላይ ተጭኖ የሚመጣው ሶፍትዌር) ውስጥ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) እና ቢዚቦክስ (የመሠረታዊ ትዕዛዞች ጥቅል) ካሉ፣ ሁለቱም የተለቀቁት በጂፒኤል ስሪት 2 ነው። ጂፒኤል ማለት ፕሮግራሙን ለሌላ ስትሰጡ ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ፣ እንድትሰጡ የሚያስገድድ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ነው። ዕቃውን ስትሸጡ ወይ ሶርስ ኮዱን አብራችሁ ትሰጣላችሁ፣ ወይ «ለጠየቀ ሁሉ እንሰጣለን» የሚል፣ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና ጽሑፍ ካርቶኑ ውስጥ ታስገባላችሁ። የላይሰንሱ ቅጂም አይቅር።

ኮዱን ሰጠን፣ ቅሬታው ግን አልቆመም

ብዙ ቡድን የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። የተሰጠው ከኢንተርኔት የወረደ ንጹህ ከርነል ነው። ዕቃው ላይ ያለው ግን ፓች የተደረገበት (ኮዱ የተቀየረ)፣ የራሱ ኮንፊግ (የግንባታ ምርጫዎች) ያለው ነው። ላይሰንሱ የሚፈልገው የሸጣችሁት ባይነሪ (ማሽኑ የሚያነበው ፋይል) የወጣበትን ኮድ ነው፤ የኮምፓይል (ኮዱን ወደ ባይነሪ የመለወጫ) እና የመጫኛ ስክሪፕቶቹን ጨምሮ።

መፍትሄው ፈተና ነው። ፕሮጀክቱን የማያውቅ ባልደረባ፣ ባዶ ኮምፒውተር ላይ፣ ከምትሰጡት ፋይል ብቻ ፈርምዌሩን ይገንባ። የኮንፊግ ፋይሉ ከሌለ ወይም የኮምፓይለሩ ስሪት ካልተጻፈ ወዲያው ይታያል። ከዚያ በየሪሊዙ ዕለት አንድ ቅጂ አስቀምጡ። ኮዱን የሠራው ልጅ ሥራ ከለቀቀ በኋላ መፈለግ አበሳ ነው። «የቺፑ አቅራቢ አልሰጠንም» ማለትም አያድንም፤ ውል ሳትፈርሙ ጠይቁት።

ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2003 ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለው ራውተር ውስጥ ሊኑክስ እንዳለ ሰዎች ደረሱበት፤ ወተወቱ፣ ኮዱ ወጣ። ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ክፍት የራውተር ሶፍትዌር የተነሳው ከዚያ ኮድ ነው። አምራቹ የረሳው ስንት ራውተር ዛሬም በእሱ ይሠራል!

አለቃ «የኛም አፕሊኬሽን ሊከፈት ነው!» ብሎ ደነገጠ

ሊኑክስ ላይ መሥራቱ ብቻ ኮዱን እንድትሰጡ አያስገድድም። ከፕሮግራማችሁ ጋር የምታገናኙትን ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ) ግን አንድ በአንድ እዩ። ጂፒኤል ከሆነ ሙሉው ፕሮግራም በጂፒኤል መውጣት አለበት፤ ካልፈለጋችሁ ላይብረሪውን ቀይሩ። ኤልጂፒኤል (ላላ ያለው የጂፒኤል ዓይነት) ከሆነ ተጠቃሚው ላይብረሪውን በሌላ ስሪት መተካት እንዲችል አድርጉ።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው ሰርቨራችን ላይ ብቻ ነው

ጂፒኤል ከሆነ አላከፋፈላችሁም፣ ግዴታ የለባችሁም። ኤጂፒኤል (በኔትወርክ መጠቀምንም የሚያካትት የጂፒኤል ዓይነት) የሆነውን ቀይራችሁ ከሆነ ግን በኔትወርክ ለሚጠቀሙት ሰዎች ኮዱን የሚያገኙበትን መንገድ ማሳየት አለባችሁ።

ከኮዱ ባለቤት ማስጠንቀቂያ ደረሰን

በስሪት 2 ላይሰንሱን ስትጥሱ የማከፋፈል መብታችሁ ወዲያው ይቋረጣል። ስሪት 3 ይሻላል፤ ከዚያ ባለቤት የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያችሁ ከሆነና በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከላችሁ መብቱ ይመለሳል። በሁለቱም በኩል ጥሰት ያለበትን ፈርምዌር ማውረጃ ዝጉና ኮዱን መቼ እንደምትሰጡ ቀን ጠቅሳችሁ ለባለቤቱ ጻፉለት።