የድሮ ጌም ማሽንና ኢሙሌተር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ጎንደር ውስጥ «ሞቷል» ተብለው ቁም ሳጥን ላይ ከተረሱት ፕሌይስቴሽን 2ና የካሴት ጌሞች ብዙዎቹ ሊነሱ የሚችሉ ናቸው። የማሽን ችግር አብዛኛውን ጊዜ መብራት፣ አቧራ ወይም ያለቀ ባትሪ ነው። በስልክና በኮምፒውተር በኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ፕሮግራም፣ የሚጫወት ሰው የሚያጋጥመው ደግሞ ሌላ ነው፤ የጎደለ ፋይል፣ የውሸት ፍላሽ፣ የተዘጋ ሱቅ። ማሽኑን ጥሎ ወደ ዳውንሎድ ከመሄድ በፊት ብልሽቱን መለየት ይቀድማል።

ሶኬት ላይ እንደተሰካ «ጧ» ብሎ ጠፋ

መንስኤው ቮልቴጅ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። ዘመድ ከእስራኤል የላከው ማሽን በ230 ቮልት ስለሚሠራ እዚህ ያለ ችግር ይነሳል። ከአሜሪካ የመጣው ግን 120፣ ከጃፓን የመጣው 100 ቮልት ነው። ከመሰካታችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ አትስጉ።

ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 ፓወሩ ውስጡ ስለሆነ፣ የአሜሪካው ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ቢያንስ የ100 ዋት ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ቀጭኑ፣ ማለትም የሞዴል ቁጥሩ ከ70000 ተከታታይ ጀምሮ ያለው፣ 8.5 ቮልት የሚሰጥ የውጭ አዳፕተር አለው፤ አዳፕተሩን ብቻ በ220 በሚሠራ መቀየር ይበቃል። ተጠንቀቁ፦ የመጨረሻው የ90000 ተከታታይ ቀጭን ቢሆንም ፓወሩ ተመልሶ ውስጥ ገብቷል።

ቀድሞ ተቃጥሎ ከሆነ ፊውዙን በመልቲሜትር ለኩ። አዲሱም ፊውዝ ወዲያው ከተበጠሰ ሾርት ያደረገ ሌላ ዕቃ አለ፤ በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ማስገባት ቦርዱን ጭምር ያስበላል። ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ ሳትለኩ በእጃችሁ አትንኩት።

የአዳፕተሩ ጫፍ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። የኒንቴንዶ ኤንኢኤስ አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ነው፤ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) የሚፈልገው ሴጋ ሜጋ ድራይቭ ላይ ከሰካችሁት ማሽኑን ይገድለዋል። ሜጋ ድራይቭ ራሱ እንኳ የመጀመሪያው ሞዴል መሰኪያ መሃሉ ኔጌቲቭ፣ የሁለተኛው ፖዘቲቭ ነው።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን ከዲቫይደሩ ንቀሉ፤ ተመልሶ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ስታብላይዘር ቢኖር ይመረጣል።

ድምፅ አለ፣ ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ነው

የአሜሪካና የጃፓን ማሽን የምስል አላላክ ሥርዓት ኤንቲኤስሲ፣ እዚህ የለመድነው ደግሞ ፓል ነው። በቴሌቪዥኑ ሜኑ የከለር ሲስተሙን «ኦቶ» አድርጉ። ካልተለወጠ ቢጫው ገመድ የገባበትን ቀዳዳ እዩ፤ አረንጓዴው ላይ ከገባና ቲቪው ኮምፖነንት (ቀለሙን በሦስት ገመድ የሚቀበለው መግቢያ) ከተመረጠለት ቀለሙ ይጠፋል። ምስሉ ወደ ላይ ወደ ታች የሚገላበጥ ከሆነ ቲቪው 60 ኸርትዝ አይቀበልም።

የድሮዎቹ የሽጉጥ ጌሞች ፍላት ስክሪን ላይ አይሠሩም፤ ሽጉጡ የሚጠብቀው የባለ ቱቦውን ቴሌቪዥን ብርሃን ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ቲቪ ለቁራሌው ለመስጠት አትቸኩሉ።

ካሴቱ ገብቷል፣ ስክሪኑ ግን ባዶ ነው

የካሴቱ ጥርሶች ቆሽሸዋል። እፍ አትበሉበት፤ የትንፋሽ እርጥበት ውሎ አድሮ ያዝገዋል። የጆሮ ጥጥ 90 ፐርሰንት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ ጥጡ ጥቁር እድፍ ማውጣት እስኪያቆም አሹት። ፋርማሲ ያገኛችሁት 70 ፐርሰንቱን ብቻ ከሆነ ውሃ ስላለው፣ በተለይ በክረምት፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይድረቅ። ባለ 60 ጥርሱ የፋሚኮም (የኤንኢኤስ የጃፓን ዓይነት) ካሴት ባለ 72 ጥርሱ ኤንኢኤስ ውስጥ ያለ ማገናኛ አይገባም፤ በጉልበት አትሞክሩት።

ጌሙ ይሠራል፣ ያስቀመጣችሁት ግን ይጠፋል

ካሴቱ ውስጥ ያለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቋል። የሱፐር ኒንቴንዶ ካሴት ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 ነው፤ ኮምፒውተር ቦርድ ላይ ያለው ራሱ ነው። ጆሮ (ትንሽ የብረት ምላስ) የተበየደለትን ግዙ፤ ባዶው ባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ ሊያፈነዳው ይችላል። አሮጌውን ስትነቅሉ የተቀመጠው ሁሉ እንደሚጠፋም አስቀድማችሁ እወቁ።

ፕሌይስቴሽን 2 ዲስክ አያነብም

ጀርባው ሰማያዊ የሆነው ሲዲ፣ ብርማው ዲቪዲ ነው። አንዱን አንብቦ ሌላውን እምቢ ካለ፣ ለሁለቱ የሚበራው ሌዘር የተለያየ ስለሆነ አንዱ ደክሟል ማለት ነው። ሁለቱንም እምቢ ካለ መጀመሪያ አቧራን ጠርጥሩ። ክዳኑን ከፍታችሁ ሌንሱን በአልኮል በረጠበ የጆሮ ጥጥ፣ ሳትጫኑ፣ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉት። ሌንሱ የሚንሸራተትበትን ብረትም አፅዱና በጣም ትንሽ ነጭ ግሪስ ቀቡት፤ የምግብ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። የሌዘሩን ጉልበት የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን መንካት የመጨረሻው ነገር ይሁን፤ ለጊዜው ያነቃዋል፣ ዕድሜውን ግን ይበላል።

ሌዘሩ ጨርሶ ከሞተ ማሽኑ አይጣልም። ፍሪ ማክቡት (ማሽኑ ሌሎች ፕሮግራሞችን እንዲከፍት የሚያደርግ ሶፍትዌር) የተጫነበት ሚሞሪ ካርድ ካለ የራሳችሁን ዲስክ በኮምፒውተር ወደ ፋይል ገልብጣችሁ ጌም ከፋይል በሚከፍተው ኦፒኤል በሚባል ፕሮግራም ከፍላሽ መጫወት ይቻላል። ወደቡ ዩኤስቢ 1.1 ስለሆነ በጌሙ መሃል የሚመጡት ቪዲዮዎች ይቆራረጣሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ፍላሹ ፎርማት የሚደረግበት ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ትልልቆቹን መከፋፈል ግድ ነው። የ90000 ተከታታይ የኋለኞቹ ምርቶች ግን ፍሪ ማክቡትን አይቀበሉም።

ኢሙሌተሩ ላይ ጌሙ ተከፈተ፣ ሙዚቃ የለውም

የፕሌይስቴሽን 1 ጌም «ቢን» እና «ኪው» የሚባሉ ፋይሎች አሉት። ኪው ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ክፈቱትና በጥቅስ ውስጥ ያለው ስም ከቢኑ ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን አረጋግጡ። ቢኑን ስሙን ቀይራችሁ ኪውን ካላስተካከላችሁ ጌሙ ወይ አይከፈትም ወይ ዜማው ይቀራል። ኢሙሌተሩንም በቢኑ ሳይሆን በኪው በኩል ክፈቱት።

የመጀመሪያዎቹ ጌሞች ሠርተው የኋለኞቹ ከተበላሹ ፍላሹ የውሸት ነው፤ 64 ጊጋባይት ይላል፣ ውስጡ ግን 8 ሊሆን ይችላል። ገዝታችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን አስፈትሹት።

ኢሙሌተሩን አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ «ሴቭ ስቴት» (ኢሙሌተሩ ራሱ ጨዋታውን በቆመበት የሚያስቀምጥበት) እምቢ ካለ ስሪቱ ስለተቀየረ ነው። ከአፕዴት በፊት ጌሙ በራሱ ሜኑ ውስጥም ሴቭ አድርጉ፤ እሱ ከስሪት ወደ ስሪት ይሻገራል።

የመግዣው ሱቅ አይከፈትም

ከኒንቴንዶ ማሽኖች የኢንተርኔት ሱቆች የዊ ሱቅ ጃንዋሪ 30፣ 2019 እ.ኤ.አ.፣ የ3ዲኤስና የዊ ዩ ሱቅ ማርች 27፣ 2023 እ.ኤ.አ. ለግዢ ተዘግተዋል። ቀድሞ የተገዛ ጌም ካላችሁ ማውረጃው ሳይዘጋ አውርዱና ኤስዲ ካርዱን ሙሉውን ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። የ3ዲኤስ ካርድ ግን ለዚያው ማሽን የተቆለፈ ነው፤ ሌላ ማሽን ላይ ብታስገቡት አይከፍትም። ሁለተኛ እጅ 3ዲኤስ ስትገዙ «ካርዱ ጌም ሞልቷል» ብሎ ሻጩ ዋጋ ቢጨምር፣ ከማሽኑ ጋር እዚያው አስከፍታችሁ ካላያችሁ አትክፈሉ።