የፈረንጅ ድመት ለአዲስ ባለቤት ሲሰጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ለትምህርት ውጭ የሚሄድ አለ፤ ሥራ ተቀይሮ አዲስ አበባ የሚገባ አለ፤ አከራዩ «ወይ ድመቷ ትውጣ ወይ አንተ» ያለውም አለ። ጅማ ውስጥ ፋርስ ወይም ሲያም ድመት ያለው ሰው አንድ ቀን አዲስ አሳዳጊ መፈለጉ አይቀርም። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ተቀባዩ ድመት ይወድ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ድመቷ የምትገባበትን ግቢ ግን አይጠይቅም።

እርግዝና ሲመጣ ድመቷን ማስወጣት

አንዳንዱ መስጠት ሳያስፈልገው ይሰጣል። ሚስት ስታረግዝ ዘመድ ተሰብስቦ «ድመቷ ትውጣ» ይላል። የሚፈራው ቶክሶፕላዝሞሲስ የሚባለው፣ በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍና ጽንስን ሊጎዳ የሚችል የተውሳክ በሽታ ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ነገር ግን ተውሳኩ ከድመቷ ዓይነ ምድር ጋር ከወጣ በኋላ ሰው የመያዝ አቅም እስኪያገኝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈጅበታል። ነፍሰ ጡሯ ሳትነካው ሌላ ሰው በየቀኑ ካጸዳ አደጋው በጣም ይቀንሳል። በሽታው በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ አትክልትም ይተላለፋል። ድመቷን አባሮ ለነፍሰ ጡር ጥሬ ክትፎ የሚያቀርብ ቤት ምን አተረፈ? ከመወሰናችሁ በፊት ሐኪሟን አማክሩ።

«ለሚወድ ሰው በነፃ»

ቴሌግራም ላይ ፎቶ ተለጥፎ እንዲህ ሲባል ስልክ መጮህ ይጀምራል። ልጆቹ ለምነውት የሚደውል አለ። «ሴት ናት?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅም አለ፤ ይኼኛው ብዙውን ጊዜ ያሰበው የምትወልዳቸውን ለመሸጥ ነው። ገንዘብ መቀበል አለመቀበል የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ቤቱን ሳያዩ መስጠት አይገባም ባይ ነኝ። ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። አቦል ተጠጥቶ በረካ እስኪደርስ ብዙ ነገር ይታያል፦ ውሻው ታስሯል ወይስ ተለቋል? የውጭው በር ክፍት ነው የሚውለው? ባጃጅ የሚበርበት መንገድ ምን ያህል ይቀርባል? ልጆቹ ድመት ሲይዙ በጅራቷ ነው ወይስ በደረቷ? በነገራችን ላይ በእስልምና ድመት ነጃሳ ስላልሆነች፣ ቤት ውስጥ ለለመደች ድመት የሙስሊም ቤተሰብ ቤት ጥሩ መግቢያ ሊሆን ይችላል።

አይጥ ትይዝልኛለች ለሚል ሰው መስጠት

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይመስለኛል። ጅማ የቡናና የእህል ከተማ ናት፤ ጎተራና መጋዘን ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ ድመት ሲባልም መጀመሪያ የሚታሰበው ይኸው ነው። ፋርስ ድመት ግን ሰዎች ለመልኳና ለፀጉሯ መርጠው ያራቧት ናት። ፊቷ ጠፍጣፋ፣ አፍንጫዋ አጭር ስለሆነ ስትሮጥ ቶሎ ትንፋሽ ያጥራታል። ሲያም በዚህ በኩል ትሻላለች።

ድመቷ እንደታሰበው ሳትሆን ስትቀር ቤተሰቡ መርዝ ይገዛል። መርዝ የበላ አይጥ ደግሞ ስለሚዝል ሰነፏም ድመት ትይዘዋለች። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች ምልክታቸው የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ ድዷ ነጥቶ ጥግ ይዛ እስክትተኛ ድረስ ልብ የሚል የለም። ስለዚህ «መርዝ ትጠቀማላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «ኧረ በፍጹም» ነው የሚለው። «አይጥ ሲያስቸግራችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» በሉና መልሱን አዳምጡ። የጎረቤቱንም ጠይቁ፤ ድመት አጥር አታከብርም።

ሳያስመክኑና ሳያስከትቡ መስጠት

ሴት ድመት ከ4 ወሯ ጀምሮ ልትፀንስ ትችላለች፤ እርግዝናው 9 ሳምንት ገደማ ነው፤ እያጠባችም እንደገና ታረግዛለች። ማስመከኑን «እኔ አደርገዋለሁ» ለሚል ተቀባይ አትተዉት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ኮሌጅ ስላለው፣ የት ሊሠራ እንደሚችል እዚያ ያሉ ሐኪሞችን መጠየቅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ የክትባት ካርዷ አብሯት ይሂድ።

ጉድለቷን መደበቅ

ጆሮዋ ወደፊት የታጠፈው ስኮቲሽ ፎልድ ውብ ናት፤ ጆሮዋን ያጠፈው የዘር ጉድለት ግን የመገጣጠሚያዎቿንም ልምአጥንት ስለሚነካ ሳታረጅም ልታነክስ ትችላለች። ፋርስ ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበቅል በሽታ ከወላጆቿ ልትወርስ ትችላለች። ነጭ ሆና ዓይኗ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ደንቆሮ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው፤ የባጃጅ ጥሩምባ ለማትሰማ ድመት ጅማ መንገድ ዳር ያለ ቤት አይሆናትም። ጭርት ካለባት ሳይድን አትስጡ፤ የተቀባዩን ልጆች ይይዛቸዋል። የፋርስ ፀጉር በየቀኑ ካልተበጠረ፣ በተለይ በጅማ ክረምት፣ ይቋጠራል፤ ይህንንም በግልጽ ተናገሩ።

የዘር ወረቀት ከሌላት «ንጹህ ዘር» አትበሉ። ወረቀቱን የሚሰጡት እንደ ሲኤፍኤ እና ቲካ ያሉ የውጭ አገር የድመት ዘር መዝጋቢ ማኅበራት ናቸው፤ ፀጉር መርዘሙ ብቻውን ፋርስ አያሰኝም።

«ያገኘነውን ትበላለች»

ቤት ያፈራው ማለት ብዙ ጊዜ ሽሮና ወጥ የነካው እንጀራ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ እኛ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አንሠራም። ድመት ያለ ሥጋ ጤነኛ ሆና አትኖርም። በጾም የክርስቲያን ሉካንዳ ቢዘጋም ጅማ ላይ የሙስሊሙ ክፍት ስለሆነ ሳንባ አይጠፋም፤ ቀቅሎ ከሌላ ሥጋ ጋር ማቀላቀል ነው። ጉበት በየቀኑ አይሆንም፤ ቫይታሚን ኤው ሲበዛ አጥንቷን ይጎዳል። የታሸገ ደረቅ ምግብ የለመደች ከሆነ የተረፈውን አብራችሁ ስጡና በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀየርላት። በአዲሱ ቤት ኩርፊያ ይዟት 2 ቀን እህል ካልቀመሰች «ሲርባት ትበላለች» ተብሎ አይጠበቅም፤ የድመት ጉበት በረሃብ ቶሎ ስብ ይሞላል፤ የወፈረች ከሆነች ደግሞ ይብስባታል።

በካርቶን አሽጎ መኪና ላይ መጫን

አዲሱ ባለቤት አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ላይ የጊቤ በረሃ አለ። አፍንጫዋ አጭር የሆነች ድመት ሙቀት አትችልም። ቀዳዳ ባለው ጠንካራ ቅርጫት፣ በማለዳው መኪና፣ ከሰው ጋር ትሂድ። ለረዳት ማስረከብና ሻንጣ መጫኛ ውስጥ መክተት ነውር ነው።

በመጀመሪያው ቀን መልቀቅ

ድመት የምታውቀው ሰፈሩን ነው፤ ከተለቀቀች የድሮ ቤቷን ፍለጋ ትወጣለች። ቢያንስ 2 ሳምንት አንድ ክፍል ውስጥ ትቆይ። የተኛችበት ጨርቅ ሳይታጠብ አብሯት ይሂድ፤ መጸዳጃዋም የለመደችው ይሁን። የሚገዛ አሸዋ ከሌለ ከእንጨት ሥራ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይበቃል።

ሲለያዩ ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ይባል፦ «ካልሆነላችሁ ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ደውሉልኝ።» ውጭ የምትሄዱ ከሆነ ድመቷን ሊረከብ ፈቃደኛ የሆነ ዘመድ ስልክ ትታችሁ ሂዱ።