የቅሬ ቤት ፕላን ከሰፈሩ ሰው ጋር አብሮ እንዴት ይሰራል

ደሴም ይሁን ሐይቅ ወይ ወልድያ የቅሬ ቤት (ቅሬ ወሎ ውስጥ እድር ማለት ነው) ዲዛይን አርጉልን ከተባላችሁ ስብሰባ ለመጥራት አትቸኩሉ። ስብሰባ ላይ የምትሰሙት መጀመሪያ የተናገረው ሰው ያለውን ነው፣ አንድ ትልቅ ሰው "በሩ ወደ መንገድ ይሁን" ካሉ በቃ ይሉኝታ አለ፣ ሁሉም "እሳቸው እንዳሉት" ብሎ ይበተናል። ይሄ የኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም፣ ሶሎሞን አሽ የሚባል ሳይኮሎጂስት በፈረንጆቹ 1950ዎቹ አሜሪካ ላይ የመስመር ርዝመት እያሳየ ሲጠይቅ ሌሎቹ ቀድመው ከሱ ጋር ተነጋግረው ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ከተፈታኞቹ ሦስት አራተኛው ቢያንስ አንዴ ተከትሏቸዋል። አንድ ሰው ብቻ ትክክሉን ሲናገር ግን ስህተቱ በጣም ቀነሰ፣ ይቺን ያዟት።

1. ቀድማችሁ ቤት ለቤት ዙሩ፣ በተለይ ለቅሶ ቤት የሚያበስሉትን ሴቶች ቡና ላይ አግኟቸው። ወሎ ውስጥ ብዙ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው፣ ሐዘኑን አብሮ ይወጣል፣ እርዱ ግን ለየብቻ ነው። ስለዚ ሁለት ምድጃ፣ ለየብቻ የዕቃ መደርደሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስብሰባ ላይ ይሄን የሚነግራችሁ የለም፣ ለነሱ የታወቀ ነገር ስለሆነ የሚነገር አይመስላቸውም፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አርክቴክት አንድ ኪችን ስሎ ቁጭ የሚለው ለዚ ነው።

2. ሽማግሌዎቹን ለብቻ አናግሩ። "ጋሼ ምርቃቱን እርስዎ ይክፈቱልን፣ ሐሳብዎን ግን መጨረሻ ላይ ይስጡን፣ ልጆቹ እርስዎን ከሰሙ በኋላ ሌላ መናገር ያፍራሉ" በሏቸው። የማሰሪያ ቃል የክብር ቦታ ስለሆነ ደስ ብሏቸው ነው የሚቀበሉት።

3. ከመወያየት በፊት ሁሉም ለየብቻው አስቦ ሐሳቡን ይጻፍ። በፈረንጆቹ 1958 አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ በተሰራ ጥናት ለየብቻ ያሰቡ አራት ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመር አንድ ላይ ተቀምጠው ካወጡት አራት ሰዎች በልጧል። መጻፍ ለማይችል ልጆች ይጻፉለት።

4. ወረቀቱን ትታችሁ ሜዳው ላይ በካስማና በገመድ ቤቱን በልኩ አውጡት። ፕላን ማንበብ የለመደው ትንሽ ሰው ነው፣ መሬት ላይ ግን ሁሉም እኩል ነው። የኪችኑን በር 80 ሳንቲ አርጋችሁ ትከሉና ሁለት ሴቶች ትልቁን የድግስ ድስት ግራና ቀኝ ጆሮውን ይዘው ጎን ለጎን ይለፉ በሏቸው፣ ክንዳቸው ካስማውን ሲገፋው ስብሰባ ላይ አንዲት ቃል ያልተነፈሰችው ሴት ራሷ ካስማውን ነቅላ ወዲያ ትተክለዋለች። ለኔ ከሁሉም ትልቁ ስቴፕ ይሄ ነው።

5. "ጥሩ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ "እሺ፣ ጥሩ ነው" ነው። "ምን ይቀረዋል?" በሉ። ቡና ላይ የሰማችሁትን የተለየ ሐሳብ ደሞ የማን እንደሆነ ሳትጠሩ እናንተው አንሱት፣ አንዴ ከተነሳ ሌላውም ይደፍራል።

ካስማውን ቶሎ አትንቀሉት፣ የተወሰነ ቀን ይቆይ፣ ከገበያ ሲመለስ ቆም ብሎ አይቶ የሚነግራችሁ ሰው አለ፣ መሰረት ማስቆፈር ከዛ በኋላ ነው።