በሥራ ውል ላይ የሥራ ሰዓትና ፈረቃ እንዴት እንደሚጻፍ

ብዙ የሥራ ውሎች ስለ ሰዓት የሚሉት አንድ መስመር ነው፦ «የሥራ ሰዓት በድርጅቱ መደበኛ የሥራ ሰዓት መሠረት ይሆናል፤ ሠራተኛው እንደ አስፈላጊነቱ ከዚያ በላይ ይሠራል።» ይህ አንቀጽ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ሠራተኛው አረፈደ የሚባለው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? ትርፍ ሰዓት ሠራሁ ሲልስ መቁጠር የሚጀመረው ከየት ነው? መልሱ ውሉ ላይ ከሌለ በቃል ይሆናል፣ የቃሉ ደግሞ እንደ ተናጋሪው ነው።

የጥሩ አንቀጽ መለኪያ ቀላል ነው። ድርጅቱን ረግጦ የማያውቅ ሰው ውሉንና የመግቢያ መውጫ መዝገቡን ብቻ ይዞ የወሩን ክፍያ ማስላት መቻል አለበት።

ከዚህ በታች ያለው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩ የሥራ ግንኙነቶች ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሥራ መሪና በሰው ቤት ለግል አገልግሎት የተቀጠረ ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይታቀፉም።

1. መጀመሪያ የሳምንቱን ቁጥር ይወስኑ

አዋጁ በሥራ ውል ውስጥ ይገለጹ ብሎ የሚዘረዝራቸው የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙ መጠንና ስሌት፣ የአከፋፈሉ ሁኔታና የውሉ ቆይታ ናቸው። የሥራ ሰዓት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ብዙዎች የሚዘሉትም ለዚህ ይመስላል። የሕጉ ጣሪያ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ 40 ወይም 44 ላይ መስማማት ይቻላል።

የተስማሙበት ቁጥር ግን የሰዓት ደመወዙን ይወስናል። አሠራሩ የሳምንቱን ሰዓት በ52 አባዝቶ ለ12 ማካፈል ነው። 48 ሰዓት በወር 208 ይሆናል፣ 40 ሰዓት ደግሞ 173.33። ወርሃዊ ደመወዙ 10,400 ብር የሆነ ሠራተኛ በ208 ሲካፈል በሰዓት 50 ብር ያገኛል፣ በ173.33 ሲካፈል 60 ብር። ከምሽቱ 4፡00 በፊት 3 ሰዓት ትርፍ ቢሠራ (ስሌቱ በ1.5 ነው፣ ክፍል 5 ላይ አለ) በመጀመሪያው ስሌት 225 ብር፣ በሁለተኛው 270 ብር ይደርሰዋል። ቢሮው በሳምንት 40 ሰዓት እየሠራ ደመወዝ ከፋዩ ከልማድ በ208 የሚያካፍልበት ቦታ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አካፋዩን ቁጥር ራሱን ውሉ ላይ ያስፍሩት፤ ለምሳሌ በሳምንት 48 ሰዓት ከተስማሙ፦ «የሰዓት ደመወዝ የሚሰላው ወርሃዊ ደመወዝን ለ208 በማካፈል ነው።»

ከ48 በታች ከተስማሙ አንድ ጥያቄ ይቀራል። በተስማሙበት ሰዓትና በሕጉ ጣሪያ መካከል ያለው ሥራ ትርፍ ሰዓት ነው ወይስ አይደለም? ውሉ ዝም ካለ ሁለቱም ወገን የየራሱን ይላል። አንድ መስመር ይበቃዋል፣ ይጻፉት።

2. ሰዓቱን በማይምታታ አቆጣጠር ይጻፉ

«ከ8 እስከ 5» ብሎ መጻፍ አደጋ ነው። አንባቢው 8ን የከሰዓት 8 ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ጸሐፊው ደግሞ የፈረንጁን ሰዓት አስቦ ይሆናል። በአማርኛ ለሚጻፍ ውል የኢትዮጵያን ሰዓት ይያዙ፣ ከቁጥሩ በፊት ሁልጊዜ ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት ወይም ንጋት የሚለውን ያስገቡ፦

«ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 6፡30 እና ከቀኑ 7፡30 እስከ ቀኑ 11፡30፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 6፡30። ጠቅላላ በሳምንት 44 ሰዓት።»

ጠቅላላ ድምሩን መጨረሻ ላይ መጻፍ ትርፍ አይደለም፤ ስህተት የሚያዘው በእሱ ነው። ቅዳሜን ግማሽ ቀን አድርገው 48ቱን መሙላት ከፈለጉ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 8 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይደርሳል። የሥራው ጠባይ አስገድዶ የአንዱ ቀን ሰዓት ሲቀነስ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈል በሕጉ የተፈቀደ ነው፣ ግን ከ8 ሰዓት በላይ የሚጨመረው ከ2 ሰዓት መብለጥ የለበትም።

የጣት አሻራ ማሽን ካለ በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንደሚሠራ አይርሱ። ማሽኑ ላይ 22፡00 ማለት ምሽት 4፡00 ነው። ማሽኑ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ ምሽት 4፡00 ገብቶ ንጋት 12፡00 የወጣን ሠራተኛ አንድ ቀን መውጫ፣ በማግስቱ መግቢያ እንደሌለው አድርጎ ሊያሳየው ይችላል። የፈረቃ ቅንብሩ ካልተስተካከለ ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ሰው ቀሪ ተብሎ ደመወዙ ይቆረጣል። ጥቂት ሠራተኛ ላለው ድርጅት የፊርማ መዝገብ ይሻላል፤ በትክክል ያልተቀናበረ ማሽን ከመዝገብ የባሰ ነው።

የመግቢያ ሰዓት በትክክል መጻፉ አሠሪውንም ይጠቅመዋል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ አዋጁ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥ ለማሰናበት ይፈቅዳል። «አረፈደ» ለማለት ግን በመጀመሪያ የሚታወቅ መግቢያ ሊኖር ይገባል። የ10 ወይም የ15 ደቂቃ ይቅርታ ከሰጡ እሱም ይጻፍ፣ አለበለዚያ ልማድ ሆኖ ይቆይና መከራከሪያ ይሆናል።

3. የምሳ ሰዓት

ርዝመቱንና ከሥራ ሰዓት ውጭ መሆኑን ይጻፉ። መደበኛ የሥራ ሰዓት ሲባል ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ነው። በር ላይ ቁጭ ብሎ እየበላ ደንበኛ ሲመጣ የሚነሣ ሰው ምሳ ላይ ነው ለማለት ያስቸግራል። የሚተካው ሰው ከሌለ ያችን ሰዓት እንደ ሥራ መቁጠር ነው የሚያዋጣው።

4. ፈረቃ፦ ብዙ ውል የሚበላሽበት ቦታ

ሥራው 24 ሰዓት የማይቋረጥ ከሆነ ከወረቀቱ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። ለ48 ሲካፈል 3.5 ይመጣል። ስለዚህ አንድ የጥበቃ ቦታ፣ አንድ የፋርማሲ መስኮት ወይም አንድ የጄኔሬተር ክፍል ያለማቋረጥ ለመሸፈን 4 ሰው ያስፈልጋል፤ 3 ሰው አይበቃም።

በጣም የተለመደው ግን በ2 ሰው «24 ሰዓት ሥራ፣ 24 ሰዓት ዕረፍት» ነው። ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል። በ14 ቀን 7 ፈረቃ ይደርሳል፣ 168 ሰዓት ማለት ነው፤ በሳምንት 84 ሰዓት። ሕጉ የሚፈቅደው መደበኛው 48 ላይ ትርፍ ሰዓት ቢበዛ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ነው፣ በድምሩ 60። 84ን ምንም ያህል ቢከፍሉበት ሕጋዊ አይሆንም። በ12 ሰዓት ፈረቃ ሳምንቱን 6 ቀን ማሠራትም 72 ስለሚሆን እንዲሁ ነው። 12 ሰዓት በ4 ቀን ደግሞ ሳምንቱን ልክ 48 ላይ ያቆመዋል፣ የቀኑ ልክ ግን ስላለፈ በየቀኑ 4 ሰዓት ትርፍ አለኝ የሚል ጥያቄ ይከፍታል።

ለ4 ሰው የሚሠራው የ8 ቀን ዑደት ነው፦

«ሠራተኛው በ8 ቀን ዑደት ይሠራል፦ 2 ቀን የጠዋት ፈረቃ (ከንጋቱ 12፡00 እስከ ቀኑ 8፡00)፣ 2 ቀን የከሰዓት ፈረቃ (ከቀኑ 8፡00 እስከ ምሽቱ 4፡00)፣ 2 ቀን የሌሊት ፈረቃ (ከምሽቱ 4፡00 እስከ ንጋቱ 12፡00)፣ ከዚያ 2 ቀን ዕረፍት። ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን እሑድ ሳይሆን በዑደቱ መሠረት የሚውለው ቀን ነው። የሠራተኛው የመጀመሪያ ዑደት የሚጀምርበት ቀን ______ ነው።»

በ8 ቀን 48 ሰዓት ማለት በሳምንት 42 ነው። ጣሪያው ውስጥ ነው፣ ለሕመምና ለዓመት ፈቃድ መተኪያም ቦታ ይተዋል። የሰዓት ደመወዙ አካፋይም 182 ይሆናል።

የተራው አቅጣጫ ዋጋ አለው። ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከከሰዓት ወደ ሌሊት ሲሄድ በእያንዳንዱ ሽግግር መካከል 24 ሰዓት ያርፋል። ገልብጠው ከከሰዓት ወደ ጠዋት ካደረጉት ምሽት 4፡00 ወጥቶ ንጋት 12፡00 መግባት አለበት። መሐሉ 8 ሰዓት ነው፣ መንገዱ ሲቀነስ የሚቀረው እንቅልፍ አይባልም። በዚያ ፈረቃ የሚያረፍደው ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

የእሑዱ ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ የገባ አይደለም። በየ7 ቀኑ ቢያንስ 24 ያልተቋረጠ ሰዓት ዕረፍት ግዴታ ነው፣ የሚቆጠረውም ከንጋቱ 12፡00 እስከ ቀጣዩ ንጋት 12፡00 ያለውን ጊዜ እንዲይዝ ሆኖ ነው። ሕጉ ከተቻለ እሑድ ይሁን ይላል፤ የሥራው ጠባይ ካልፈቀደ በሌላ ቀን ይተካል። ይህ ውሉ ላይ ካልተገለጸ እሑድ የሠራ ሁሉ የዕረፍት ቀን ሥራ ነው ብሎ በ2 እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል።

ዑደቱን በወር ቀን አይሰሩ። «ከወሩ 1 እስከ 15 ጠዋት፣ ከ16 እስከ 30 ሌሊት» የሚል ፈረቃ ጳጉሜ ሲገባ ይፈርሳል፤ ያቺን 5 ወይም 6 ቀን ማን እንደሚይዝ የሚናገር የለም።

ርክክብም ሥራ ነው። ፈረቃ ተቀባዩ 15 ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ ዕቃ እንዲቆጥር ከተጠየቀ፣ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሰው 6 ሰዓት ተኩል ይጠራቀማል። ወይ የፈረቃው ሰዓት ውስጥ ያስገቡት ወይ ክፍያውን ይጻፉ።

5. ትርፍ ሰዓት

ከድሮ ናሙና አይገልብጡ። በ377/1996 አዋጅ ዘመን የተዘጋጁ ውሎች እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ የቀን ትርፍ ሰዓትን በ1.25፣ የሌሊቱን በ1.5 የሚያሰሉት እነሱ ናቸው። አሁን ያለው ዝቅተኛ መጠን ከንጋቱ 12፡00 እስከ ምሽቱ 4፡00 በ1.5፣ ከምሽቱ 4፡00 እስከ ንጋቱ 12፡00 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ነው። ሰዓቱ ሁለቱን ክፍል ከረገጠ ለየብቻ ይሰላል። በሰዓት 50 ብር የሚከፈለው ሰው ከምሽቱ 2፡00 እስከ 5፡00 ትርፍ ቢሠራ 2 ሰዓቱ 150 ብር፣ 1 ሰዓቱ 87.50፣ በድምሩ 237.50 ብር ነው።

ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛ፣ 1.75 የትርፍ ሰዓት ስሌት ነው። መደበኛ ፈረቃው ሌሊት የዋለ ሰው በዚህ ስሌት አይከፈለውም፤ የሌሊት አበል ከተስማሙ ለብቻው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በበዓል ቀን በመደበኛ ሰዓቱ የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት በ2 እጥፍ ይከፈለዋል፤ 2.5 በዚያው ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ነው።

ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም። ሥራው የሚፈቀደውም አሠሪው ሌላ አማራጭ በማያገኝበት ሁኔታ ነው፦ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ ነገር ሲፈጠር፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረን ሰው ለመተካት። የአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ያስፈልጋል፣ ትእዛዙና የተሠራው ሰዓትም መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ማን ማዘዝ እንደሚችል በሥራ መደብ ስም ይጻፉ፣ በምን እንደሚታዘዝም ጭምር። በቴሌግራም የተላከ መልእክት በቃል ከተባለ ነገር ይሻላል፣ ውሉ እንደ ትእዛዝ ከተቀበለው። «ደመወዙ ማንኛውንም ትርፍ ሰዓት ይጨምራል» የሚለውን ሐረግ ይተዉት፤ ውል ከሕጉ ዝቅ ያለ መብት ሊሰጥ አይችልም።

ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4፡00 እስከ ንጋቱ 12፡00 በሌሊት ሥራ አትመደብም፤ በትርፍ ሰዓት ደግሞ በየትኛውም ሰዓት አትመደብም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ትርፍ ሰዓት፣ ሌሊት፣ የዕረፍት ቀንና በዓል ለእሱ የተከለከሉ ናቸው።

6. የፕሮግራም ለውጥ

«ድርጅቱ በማንኛውም ጊዜ ሰዓቱን ሊቀይር ይችላል» ከማለት በስንት ቀን ቀድሞ፣ በምን መንገድ፣ እስከ ምን ገደብ እንደሚቀይር ይጻፉ። ለፈረቃ ሰንጠረዥ 7 ቀን በቂ ነው። የሳምንቱ ጠቅላላ ሰዓት ከተቀየረ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አይበቃም፤ ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ይስማሙ። ፈረቃ መቀያየር የሚፈልጉ ሠራተኞችም ሁለቱም ፈርመው ተቆጣጣሪው ያጽድቀው።

ውሉ በሁለት ቅጂ ይፈረም፣ የፈረቃ ሰንጠረዡ አባሪ ይሁን። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ስለሚታገድ (ከዚያ በኋላ መጠየቅ ስለማይቻል) ሠራተኛው የራሱን መዝገብ በየወሩ ቢያመሳክር ይበጀዋል።

ከፊርማው በፊት ረቂቁን ለደመወዝ ከፋይዋ ይስጧትና አንድ የማይመች ሌሊት ታስላ፦ በበዓል ዋዜማ ምሽት 4፡00 ገብቶ በበዓሉ ጠዋት 2፡00 የወጣ ሠራተኛ። በዓሉ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው ወይስ ከንጋት 12፡00 ብላ ከጠየቀች፣ የሚሰጧት መልስ ውሉ ውስጥ ይግባ።